ማን ከፈተው?

ማድረቂያው ከመጣ ወዲህ ነገሩ እንዲህ ነበር። የበርና መስኮት ፋብሪካው በጓሮ በኩል አንድ ወፍራም ግድግዳ ያለው ክፍል አለው። ሰፊ የብረት በር፣ ከማሞቂያው የሚመጣ የሙቅ ውሃ ቱቦ፣ ሦስት ማራገቢያዎች፣ ውሃ በስሱ የሚረጭ አፍና ከውጭ በኩል ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ አለው። እርጥብ ጣውላ ይገባበታል፤ ደርቆ ይወጣል። ከውጭ ያመጡት ባለሙያዎች ገጠሙት፣ አስነሱት፣ አንድ ሠራተኛ አሠለጠኑና ሄዱ። የሠለጠነው ሠራተኛ ዓመት ሳይሞላው የተሻለ ቦታ አገኘና እሱም ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከፋብሪካው ከሚወጡ አሥር በሮች አራቱ ይመለሳሉ። አንዱ መሃሉን ይሰነጠቃል፤ አንዱ ሲገጠም ልክ ሆኖ በወሩ ከመቃኑ ጋር ይጣላል። ጣውላው በጥላ ሥር በነፋስ ይደርቅ በነበረበት ዘመን፣ ሥራው እንደ ኤሊ ቢሄድም፣ የሚመለሰው ከአሥር ሁለት ነበር።

የፋብሪካው ባለቤት አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ወንበራቸው ላይ ካረፉ እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከተነሱ ደግሞ መጋዘን፣ መላጊያ ክፍል፣ ማድረቂያ፣ ተመልሰው መጋዘን ይላሉ። ወገባቸው ላይ የታሰረው የቁልፍ ዘለላ ከእሳቸው ቀድሞ ስለሚሰማ ሠራተኞቹ በሌሉበት «ጋሽ ቁልፉ» ይሏቸዋል። ስሙን ያውቁታል፤ እንደማያውቁ ሆነው ይኖራሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሌላ ሰው መላክ ሲችሉ፣ መላጊያና ብሎን መፍቻ በከረጢት ይዘው አንድ አዲስ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ወጡ። የሦስተኛው ፎቅ ተከራይ በሩ አልዘጋ አለኝ ብላ ሁለት ጊዜ መደወሏን የሕንፃው ባለቤት ነግሯቸው ነበር። አንኳኩ።

«ይግፉት!» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ። «በትከሻ! ከታች ደግሞ በእግር ረገጥ ያድርጉት!»

ጋሽ ቁልፉ በትከሻም በእግርም አደረጉት። በሩ እያማረረ ተከፈተ። ከፊታቸው የቆመችው የታላቅ እህታቸው ልጅ ናት፤ የቴክኒክ ኮሌጅ መምህርቷ።

«ጋሼ! እርስዎ?»

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቤቴ እኮ ነው። ከገባሁ ወር ሊሆነኝ ነው፤ እማዬ አልነገረችዎትም?»

«እናትሽ ስትደውል ከጉልበቷ ሕመም ሌላ ምን ታወራለች!»

«እኔ ደግሞ ይህን በር የሠራውን ሰው ባገኘሁት እያልኩ በየጠዋቱ ስዝት ነበር።»

«እንግዲህ አገኘሽው» አሉ ጋሽ ቁልፉ፣ ከረጢታቸውን እያወረዱ። «ዛቻሽን ከማጠፊያው በኋላ ታወርጂዋለሽ። ያዢልኝ።»

በሩን ይዛ ቆመች። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈቱ በከንፈራቸው መሃል ይሰኩ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይሄ ጣውላ ሳይደርቅ የተሠራ ነው። ማድረቂያ ገዝታችሁ የለም እንዴ?»

«ገዝተናል! ገዝተንስ! የመጣው ሁሉ ከእሱ ወዲህ ነው። ቅዳሜ ግን እገላገለዋለሁ። አንድ ገዢ በመኪና መጥቶ ይጭነዋል።»

«ሠራተኞቹስ?»

እጃቸው ቆመ። «በማድረቂያው ላይ ያሉት አምስት ናቸው። ማድረቂያው ከሄደ ሥራ የላቸውም። የትምህርት ቤቱን የስልሳ በር ትእዛዝም እመልሳለሁ፤ በጥላ አድርቄ አልደርስበትም። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ አማቼ ነው፣ የሚስቴ ወንድም። ለእሷ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ሳስብ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?»

«ያመጡት ሰዎች ተመልሰው አዩት፤ ጤነኛ ነው አሉ። ነገሩ ለእኛ እንጨት አልተሠራም። እንጨታችን ሌላ ነው።»

«የሠለጠነው ሰውዬ በነበረ ጊዜስ እንጨታችሁ ይኸው እንጨት አልነበረም?»

በአፋቸው አራት ብሎን ይዘው ስለነበር ለመልስ ጊዜ አገኙ። ብሎኖቹ ካለቁ በኋላ ግን ማጠፊያውን አገላብጠው ማየት ጀመሩ።

«አሁን ማድረቂያውን ማን ይዞታል?» አለች መምህርቷ።

«አማቼ ነዋ። ቁልፉ አንዱ በእሱ፣ አንዱ በእኔ እጅ ነው።»

«ሥራውን ያውቃል?»

«ታማኝ ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁም፣ ጋሼ።»

«አንቺ ደግሞ! ማሽን እኮ ነው፤ ትጭኚዋለሽ፣ ይሠራል። ዋናው ነገር ማንም እንዳይነካካው መጠበቅ ነው።»

«አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ምን ብለው ይጠይቃሉ?»

«ምን እላለሁ? ማን ነካው፣ ማን ከፈተው እላለሁ።»

«እኔ ነኝ ያለዎት ሰው አለ?»

«እስከ ዛሬ አንድም!» አሉ፤ በሠራተኞቻቸው ክህደት የተናደዱ ይምሰሉ እንጂ ቁጥሩን ሲናገሩት ድምፃቸው ትንሽ ወረደ።

«ስለዚህ ማን እንደሆነም፣ ምን እንደተደረገም፣ ሁለቱንም ሳያውቁ ይቀራሉ ማለት ነው። ነገ ልምጣና ልየው።»

«ነይ። ምን ይቀርብኛል?» አሉና በሩን ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘጉት። በሦስተኛውም ከታች ያዘ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። መሣሪያ በመኪና ይጫናል፣ በመርከብ ይሻገራል፣ በብሎን ይታሰራል። ስለ መሣሪያው ማወቅ ግን አይጫንም፤ ከሰው ወደ ሰው በአፍና በእጅ ካልተሸጋገረ በመነሻው ይቀራል። ጋሽ ቁልፉ ዕቃውን ተረክበው ፈርመዋል፤ ዕውቀቱን ግን ከአንድ ሰው በቀር ማንም አልተረከበም ነበር። የተረከበው አንድ ሰውም ይዞት ሄዷል።

በማግስቱ ዝናብ ያለማቋረጥ ይወርዳል። የአዳራሹ ቆርቆሮ ይጮሃል፤ በስንጥቁ የሚገባው ነፋስ የእንጨቱን ብናኝ ወደ ጥግ ይሰበስበዋል። መምህርቷ ማድረቂያው ዘንድ ስትደርስ ማራገቢያዎቹ ይሠራሉ፤ ለትምህርት ቤቱ በሮች የሚሆን ጣውላ ገብቷል። በሩን አልከፈተችም። መዳፏን በብረቱ ላይ አድርጋ ቆየች፤ በጠርዙ ላይ አጎንብሳ አሸተተች፤ ከዚያ በሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ረጅም ጊዜ ተመለከተች። አማችየው፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ ሰው፣ ቁልፉን በመዳፉ ጨብጦ በአጠገቧ ቆሟል።

የምሳ ደወል ተደወለ። ማሽኖቹ ቆሙ። አሥራ ሁለቱ ሠራተኞች እጃቸውን ታጥበው መጡ፤ መጡና ቆሙ። ማንም ወደ ምሳው አልሄደም። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ጣሪያውን።

«ደወሉ አልተሰማችሁም እንዴ?» አሉ ጋሽ ቁልፉ። «ብሉ እንጂ!»

«እንበላለን፣ ምን ያስቸኩላል» አለች ጣውላ የምትደረድረው ሴት፤ ሁሉም «እቴቴ» ይላታል። ዓይኗ ግን ወደ ብረቱ በር ሄዶ ተመለሰ። መምህርቷ ያን አየች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይክፈቱት።»

ከፈቱት። የታፈነ ሙቅ አየር ፊታቸውን መታቸው፤ ከአየሩ ጋር ደግሞ የቀይ ሽንኩርትና የቅመም ሽታ ወጣ። ከጣውላው ቁልል ጀርባ አሥራ ሁለት ምሳ ዕቃ በሰልፍ ተቀምጧል። በማራገቢያው መከለያ ላይ ሁለት ጥንድ ካልሲና አንድ ካፖርት ተሰቅለው በነፋሱ ይወዛወዛሉ።

«ማን ነው?!» አሉ ጋሽ ቁልፉ። ድምፃቸው ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ በላይ ተሰማ። «ማን ነው ይህን የከፈተው?!»

ዝም።

«የሁላችሁንም ደሞዝ እቆርጣለሁ!»

መምህርቷ ክንዳቸውን ነካ አደረገች። «ጋሼ፣ ሌላ ጥያቄ የለዎትም?»

ጋሽ ቁልፉ ወጥተው በዝናቡ ውስጥ ጓሮውን ዞሩት። ቁልፋቸው ሲሄድም ሲመለስም ይሰማል። እንደ ውሻ ርሰው ተመለሱና በበሩ ሥር ቆሙ።

«እሺ» አሉ። «ማን አልልም። ለምን እንደምትከፍቱት ንገሩኝ። የማንም ደሞዝ አይነካም። እነሆ በአማቼ ፊት ተናገርኩ፤ ቃሌን ባጥፍ ለእህቱ ይነግራታል፤ የእሷን ምላስ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ።»

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። እቴቴ ሻርፗን አስተካከለች።

«አዳራሹ ብርድ ነው፣ ጋሼ። ምሳው ከቤት ሲወጣ ትኩስ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ድንጋይ ይሆናል። ቁልፉን ከአማችዎ ወስደን፣ ሲገባ አንዴ፣ ሲወጣ አንዴ፣ ሁለቴ ብቻ ነው የምንከፍተው።»

«ሁለቴ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «አንቺ ሁለቴ። ካልሲ ለማገላበጥ የሚመጡትን አልቆጠርሽም።»

«የእኔ አንድ ጥንድ ብቻ ነው!» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ፤ ባለካፖርቱ ግን ማን እንደሆነ አልተገለጠም።

አማችየው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም እከፍታለሁ» አለ። «ጣውላው ደረሰ አልደረሰ ብዬ በእጄ እዳስሰዋለሁ። የሰሌዳው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ... አላውቅም። ሰውዬው ሲሄድ ቁልፉን ነው የሰጠኝ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልከኝ?» አሉ ጋሽ ቁልፉ። አሁን አልተቆጡም፤ ግራ ገብቷቸዋል።

«ለመጣው እንግዳ ሁሉ ‹አማቼ ነው፣ በእሱ በኩል ሐሳብ የለብኝም› ይላሉ። አላውቅም ብዬ በሰው ፊት እንዴት ላሳፍርዎት?»

ጋሽ ቁልፉ የአማቻቸውን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። እቴቴ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«ከተፈቀደልኝ አንድ ነገር ልጨምር።»

«ተፈቅዷል። ዛሬ ሁሉም ተፈቅዷል።»

«እርስዎም ይከፍቱታል። ሲገቡ ይከፍቱታል፣ ከሻይ በኋላ ይከፍቱታል፣ ሲወጡም ይከፍቱታል። ምሳ ዕቃችንን ከቁልሉ ጀርባ የምናደርገው ለምን ሆነና? የቁልፍዎን ድምፅ ስንሰማ ነው የምንገፋው።»

«እኔ እኮ ለማየት ነው!»

«እንጨቱ ለማየት ይሁን ለምሳ በምን ያውቃል፣ ጋሼ?» አለች መምህርቷ። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞራ አንድ ጣውላ ከቁልሉ ሳበች። «ሁላችሁም ጠጋ በሉ። ዳቦ በኃይለኛ እሳት ሲጋገር አይታችኋል? ቅርፊቱ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ ሊጥ ይሆናል። እዚህ ክፍል ውስጥ አየሩ ሙቅ ብቻ አይደለም፤ እርጥብም ነው። ውሃው የሚረጨው ለዚያ ነው፤ የጣውላው ቆዳ ከውስጡ ቀድሞ እንዳይደርቅ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እርጥቡ አየር ይወጣል፣ ቆዳው ይደርቅና ይጠነክራል፣ የውስጡ ውሃ መውጫ ያጣል። በእጅ ሲዳሰስ የደረሰ ይመስላል። በር ሆኖ ሰው ቤት ከገባ በኋላ ነው ውስጡ የሚደርቀው፤ ያኔ ይጣመማል።»

«የአንቺ ቤት በር!» አሉ ጋሽ ቁልፉ፣ ሳያስቡት።

«የእኔ ቤት በር። መፍትሔው ቀላል ነው። ትልቅ ማስጠንቀቂያ እንለጥፋለን፣ ቁልፉንም አንድ እናደርገዋለን።»

«ምሳችንስ?» አለች እቴቴ።

መምህርቷ ወደ ምሳ ዕቃዎቹ ዞረች። «እሱን አላሰብኩም» አለች።

«ካላሰብሽ ማስጠንቀቂያሽ ይለጠፋል፣ እኛም ከሥሩ አጎንብሰን እንገባለን።»

ሠራተኞቹ እንደገና ሳቁ፤ መምህርቷም አብራ ሳቀች። አማችየው በመጨረሻ እጁን ወደ ውጭኛው ግድግዳ ዘረጋ። «የሙቅ ውሃው ቱቦ እዚህ ጋ ከውጭ ነው የሚያልፈው፤ እጅ ያቃጥላል። በዙሪያው ቁም ሣጥን ብንሠራለት ምሳም ካልሲም ይሞቃል። አናጺዎች አይደለንም እንዴ?»

«በማድረቂያው በር ላይ ደግሞ ድርብ መስታወት» አለች እቴቴ፣ «ለጋሼ። ለማየት።»

የዚያን ዕለት ቁም ሣጥኑ ተጀመረ፤ በብረት በሩም ላይ መስታወቱ ተገጠመ። ጋሽ ቁልፉ ግን መምህርቷን ወደ ቢሯቸው ጠርተው በሩን ዘጉ፤ ተቀመጡ፤ ተነሱ፤ ወደ መስኮቱ ሄዱ።

«ገዢው ቅዳሜ ይመጣል። አንቺ ምን ትያለሽ? ሁሉንም ያስተምሯቸው ልትይኝ ነው። አንዱን አሠልጥኜው ትቶኝ ሄደ። አሥራ ሁለት ባሠለጥን አሥራ ሁለት ይሄዱብኛል።»

«አንዱ ሲያውቅና ሲሄድ ሥራው አብሮት ይሄዳል። አሥራ ሁለቱ ቢያውቁና አንዱ ቢሄድ አሥራ አንዱ ይቀራሉ። በአንድ ሰው ኪስ ያለ ዕውቀት ነው የሚያስፈራው።»

«ማን ነካው ማለት ከተውኩ ደግሞ ሁሉም ይነካካዋል!»

«አሁንስ አልነካኩትም? ልዩነቱ አሁን የማይነግሩዎት መሆኑ ነው። ሰው ስሕተቱን ሲነግርዎት ካልቀጡት በዚያው ቀን ይሰማሉ። ከቀጡት የሚነግርዎት በሩ ነው፤ እሱም ከወር በኋላ፣ በደንበኛ ጀርባ ተጭኖ።»

«በአባቴ ጊዜ...»

«በአያቴ ጊዜ፣ ጋሼ፣ እርስዎ መጋዝ መያዝ ከማን ተማሩ?»

«ከእሱ ከራሱ።»

«ስንት ጣውላ አበላሹ?»

ጋሽ ቁልፉ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ያበላሸሁትን ቆጥሮት አያውቅም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በኋላ ግን ወዲያው ዞሩ፤ «ቢሆንም ለገዢው ቃል ሰጥቻለሁ። ቃል ቃል ነው። አላመንኩሽም።»

በቀሩት ሁለት ቀናት መምህርቷ ከማስተማር ሥራዋ መልስ እየመጣች ሠራተኞቹን ሁሉ በሰሌዳው ፊት አቆመች። የሙቀቱን ቁጥርና የእርጥበቱን ቁጥር እያፈራረቁ አነበቡ፤ ከኮሌጁ ባመጣቻት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጣውላ እየወጉ ስንት በመቶ ውሃ እንደያዘ አወቁ። ለቤት ውስጥ በር አሥራ ሁለት ከመቶ ይበቃል አለቻቸው። እቴቴ ካነበበች በኋላ ለሚቀጥለው ማስረዳት የእሷ ሥራ ሆነ፤ የሚቀጥለው ለቀጣዩ። የጋሽ ቁልፉ እግር በእነዚያ ቀናት ይባስ ተቅበጠበጠ። መስታወቱ ጋ ይሄዳሉ፣ ያያሉ፣ ይመለሳሉ። እጃቸው ወደ ቁልፉ ይሄድና በመንገድ ላይ ይቆማል።

ቅዳሜ ጠዋት ገዢው ከነመኪናው፣ ከነማንሻው መጣ። ሾፌሩ ገመድ ማውረድ ጀመረ። አምስቱ ሠራተኞች በግድግዳው ጥግ ተሰልፈው ቆመዋል፤ እቴቴ ሻርፗን ትጠመዝዛለች።

«እንግዲህ እንነሳ?» አለ ገዢው።

«ቆይ» አሉ ጋሽ ቁልፉ። ለምን ቆይ እንዳሉ ለራሳቸውም አልገባቸውም። ወደ አማቻቸው ዞሩ። «ሰሌዳው ምን ይላል?»

«ሙቀቱ ልክ ነው። እርጥበቱ ሌሊት ትንሽ ወርዶ ነበር፣ ተመልሷል» አለ አማችየው። ከዚያ ጣቱን ወደ በሩ ቀስሮ ቀጠለ፤ «ሁለተኛው ማራገቢያ ግን ድምፁ ተቀይሯል። ትናንት ሥራ ስናስቆመው መከለያውን አጽድቼ ስመልሰው በደንብ አላጠበቅኩትም መሰለኝ። እኔ ነኝ የነካሁት።»

ጋሽ ቁልፉ አፋቸው «ማን» ለማለት ተከፍቶ ነበር። መልሱ ግን ከጥያቄው ቀድሞ መጥቷል። በዚያ ፋብሪካ፣ ማድረቂያው ከገባ ጀምሮ፣ ማንም ሳይጠይቅ «እኔ ነኝ» ሲባል ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ጋሽ ቁልፉ አማቻቸውን አዩት፤ ማራገቢያውን አዳመጡ፤ እውነትም ኳ ኳ ይላል። ይህን ድምፅ ማንም ባይናገር ኖሮ ማራገቢያው መከለያውን እየመታ፣ ክንፉን ሰብሮ፣ ከወር በኋላ በተጣመመ በር ይናገር ነበር።

«ለማጥበቅ ስንት ብሎን ነው?» አሉ።

«አራት።»

«አሁኑኑ ይጠበቅ። ሥራውን አቁመህ ጨርስና ቶሎ ዝጋው።» ወደ ገዢው ዞሩ። «ወንድሜ፣ አይጫንም። አስቸገርኩህ፤ ቃሌን አጠፍኩ፤ ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ምን ተገኘ?» አለ ገዢው ተናዶ። «ስንዋዋል ለእንጨታችን አይሆንም አላሉኝም?»

«ብዬ ነበር። ማሽኑን ገዛሁና ማን እንደሚሠራበት ሳልጠይቅ ቀረሁ። አሁን ጠየቅኩ።»

ገዢው ገመዱን እየጠቀለለ ሄደ። እቴቴ ሻርፗን ለቀቀችው።

ከዚያ በኋላ በፋብሪካው የሆነውን ያየ ሰው ለውጡ በማሽኑ ላይ አለመሆኑን ይመሰክራል። ማሽኑ ያው ነው፤ ማራገቢያዎቹ ያው ሦስት ናቸው። ሠራተኞቹ ግን በየሥራቸው መሃል ሰሌዳውን ያነባሉ፤ ያጠፋ ሰው ያጠፋውን ይናገራል፤ የሰማ ያስተካክላል። ምሳ በቁም ሣጥኑ ይሞቃል፤ ካልሲም ይሞቃል፣ በተለየ መደርደሪያ፤ ይህን እቴቴ በጥብቅ ደንግጋለች። ከአምስቱ የማድረቂያ ሠራተኞች አንዱ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ጋሽ ቁልፉ አንድ ቀን ሙሉ ተንቆራጠጡ፤ ሥራው ግን አልቆመም፤ በማግስቱ ጠዋት ሌላው ቁጥሩን አንብቦ ሥራውን ቀጠለ። ጋሽ ቁልፉ አሁንም አይቀመጡም። አሁን ግን ሲዞሩ የሚጠይቁት «ምን አያችሁ?» ብለው ነው፤ የሚነግራቸውም አያጡም።

አዲስ መሣሪያ ለማስገባት ያሰበ ሁሉ ይህን ይመዝን። መሣሪያው የሚገባበትን ክፍል ከማዘጋጀቱ በፊት የሚሠራበትን ሰው ያዘጋጅ፤ ሰዎቹ የት እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚፈሩ፣ አላውቅም ለማለት ምን እንደሚያሳፍራቸው ይጠይቅ። ዕውቀቱን በአንድ ሰው እጅ አያስቀምጥ። ስሕተት የነገረውን ሰው ያመስግን፤ ያ ሰው ከባለሙያ በፊት የደረሰለት ነውና።

ስልሳዎቹ በሮች በትምህርት ቤቱ ተገጠሙ። ዝናቡም በጋውም አልፎ ሲቆጠር የተመለሰው አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም በቀጥ ያለ ብረት ሲለካ ጥመቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር።